ትንሽ ይቀረዋል፦ የበሬ ጎድን በቡሬ ስለሚበስልበት ሥርዓት

ጎድን የሚለው የአማርኛ ቃል በአንድ በኩል ከጀርባ አጥንት ተነሥቶ ደረትን የሚያቅፈውን ጎባጣ አጥንት፣ በሌላ በኩል ደግሞ በዚሁ አጥንት ላይና ዙሪያ ያለውን ሥጋ የሚያመለክት ሲሆን፣ ሁለቱ ፍቺዎች በጅማትና በስስ ሽፋን በጥብቅ ስለተያያዙ፣ እነርሱን መለያየት የቋንቋ ሊቅ ሳይሆን የምድጃ ሥራ ነው። በጽሑፍ ተመዝግቦ የሚገኘው ታዋቂ የጎድን አገልግሎት በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 የተነገረው የአዳም ጎድን ሲሆን፣ ያ ጎድን ለማዕድ ስላልዋለ ለአበሳሰል ጥናት የሚሰጠው ማስረጃ አነስተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ሥራው ሲከናወን ባለቤቱ ከባድ እንቅልፍ ላይ እንደነበር መመዝገቡ፣ ወደፊት እንደሚታየው፣ በዛሬዎቹ ቤቶች ካለው አሠራር ጋር ፍጹም ይስማማል።

ለዚህ ጥናት በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላም አለፍ ብላ የምትገኘው ቡሬ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛ፣ ቡሬ የሚለው ቃል መልኩ ዝንጉርጉር ለሆነ በሬም ስለሚሰጥ፣ ስለ በሬ የሚደረግ ጥናት ከዚህ የተሻለ አድራሻ ሊያገኝ አይችልም። ሁለተኛ፣ ከተማዋ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ መገኛ ስትሆን፣ ጎድን ግን እስካሁን በዋነኛነት የሚቀነባበረው በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ አካባቢው በበርበሬ ምርቱ የታወቀ በመሆኑ፣ ጎድኑ ሳይበስል የቀረበለት ተመጋቢ እንባውን የሚያመካኝበት ነገር አያጣም።

የጎድን ጥንካሬ መነሻው ኮላጅን የተባለው የፕሮቲን ዓይነት ሲሆን፣ ይህም የሥጋን ጭረቶች እርስ በርስና ከአጥንት ጋር የሚያስር፣ ብዙ በሚሠራ ጡንቻ ውስጥ የሚበዛና በእንስሳው ዕድሜ ልክ ማሰሪያው እየጠበቀ የሚሄድ ነገር ነው። የጎጃም በሬ ደግሞ ለሰንጋነት ከመብቃቱ በፊት ከጓደኛው ጋር ተጠምዶ የጤፍና የበቆሎ ማሳ ሲያርስ የኖረ ሊሆን ስለሚችል፣ ኮላጅኑ የአገልግሎት ዘመኑን ያህል የጠነከረ ነው። ቀንበር ነክቶት የማያውቅ በሬ እንኳ ቢገኝ፣ በጎድኖች መካከል ያለው ጡንቻ ሥራው መተንፈስ ስለሆነ፣ ከልደቱ ጀምሮ አንድም ቀን ዕረፍት አላገኘም። ገበያ የሚወጡ ሽማግሌዎች በሬ ሲመርጡ ጎድኑ የማይቆጠር እንዲሆን፣ ማለትም አጥንቱ በሥጋና በስብ ተሸፍኖ በዓይን ለመቁጠር የማይመች እንዲሆን ይጠነቀቃሉ፤ ይህን ያህል የተደከመለት ምሥጢር ግን በሬው በታረደ በሰዓታት ውስጥ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

በቆጠራውም መሠረት በሬ በእያንዳንዱ ጎን 13፣ በድምሩ 26 ጎድን አለው። ይህ ቁጥር ከኢትዮጵያ 13 ወራት ጋር መግጠሙ በቂ ትኩረት ሳያገኝ የቆየ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ ጎድን አጠር ማለቷ፣ ጳጉሜንም የ5፣ በየ4 ዓመቱም የ6 ቀን ወር መሆኗ ግንኙነቱን ያጠናክረዋል፤ ልዩነቱ ለጳጉሜን ደመወዝ የማይከፈል መሆኑና በሬው ግን 13ኛዋን ሳያስቀር መስጠቱ ብቻ ነው። ችግሩ የሚጀምረው በቅርጫ ላይ ነው። ቅርጫ ማለት ጎረቤታሞች ወይም የሥራ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ከገዙና ካረዱ በኋላ ሥጋውን የሚካፈሉበት ሥርዓት ሲሆን፣ ሥጋው ‹መደብ› በሚባሉ ክምሮች ተደልድሎ ከሻኛውም፣ ከፍሪምባውም፣ ከጉበቱም፣ ከጎድኑም ለሁሉም እኩል እንዲደርስ ይደረጋል። 26 ጎድን ያለ ትርፍ የሚካፈለው ግን ተካፋዮቹ 2፣ 13 ወይም 26 ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ቅርጫ አይባልም፣ ሃያ ስድስት ሰው በአንድ በሬ ላይ ጉባኤ እንጂ ቅርጫ አይሆንም፣ ለጎድን ሲባል 13 ሰው ቆጥሮ ማኅበር ያቋቋመም አልታየም፤ ስለዚህ ሒሳብ ያቃተውን መጥረቢያ ይፈታዋል። ድልድሉ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ተካፋይ እንጨት፣ ጠጠር ወይም ቁልፍ ለዕጣ ይሰጣል፣ የማን የማን መሆኑን ያላየ ሰውም በየመደቡ ላይ ይጥለዋል፤ ይህን የመሰለ አድልዎ የሌለበት አሠራር ከተፈጸመ በኋላ ሁሉም የራሱን ተሸክሞ፣ የጎረቤቱን መደብ ዞር ብሎ እያየ ወደ ቤቱ ይገባል።

ኮላጅን በእርጥብ ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ሲቆይ ጀላቲን ወደሚባል፣ በከንፈር ላይ የሚያጣብቅና ለመረቁ ውፍረት የሚሰጥ ለስላሳ ነገር ይለወጣል። ይህ ለውጥ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በደንብ የሚካሄድ ሲሆን፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይፈጥናል፤ ይሁንና ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗና ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በጅቡቲ ወደብ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በቡሬ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሌላ አነጋገር የቡሬ ድስት የቱንም ያህል ቢንፈቀፈቅ ከ93 ዲግሪ ከፍ ያለ ነገር አያውቅም፤ ጎድኑም ይህን ያውቃል።

ይህን ጉድለት ለማካካስ ሦስት ዘዴዎች ሲሞከሩ ይታያል። የመጀመሪያው ማገዶ መጨመር ሲሆን፣ አንድ ጊዜ የፈላ ውኃ እሳት ስለበዛበት ከመፍያው ሙቀት ስለማያልፍ፣ ተጨማሪው የባሕር ዛፍ ፍልጥም ሆነ ከጎረቤት አዊ ዞን የሚመጣው፣ ዲከረንስ ከተባለው ዛፍ የሚሠራ ከሰል ውኃውን ወደ እንፋሎት፣ ራሱንም ወደ አመድ ከመለወጥ ያለፈ ውጤት የለውም። ሁለተኛው ክዳኑ ላይ ድንጋይ መጫን ነው። ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክዳን ላይ የ3 ኪሎ ግራም ድንጋይ ቢቀመጥና እንፋሎቱ ምንም ሳይወጣ ቢታፈን፣ መፍያውን ከሩብ ዲግሪ በታች ብቻ ከፍ ያደርገዋል፤ ድስቱን ከጅቡቲ እኩል ለማድረግ 160 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት፣ ማለትም በበዓል ቀን ጎድኑን ከሚጠባበቁት መካከል ሁለት ደኅና የበሉ ጎልማሶች ክዳኑ ላይ መቀመጥ ይኖርባቸዋል፤ የሸክላ ድስት ግን ለዚህ ዓይነቱ መቀራረብ አልተሠራም። ሦስተኛው በተለምዶ ፕሬዠር የሚባለው የታፈነ ድስት ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ደኒ ፓፔን በ1679 እ.ኤ.አ. በለንደን ለሊቃውንት ያሳየውና በ1681 ባሳተመው መጽሐፍ ‹አጥንት ማለስለሻ› ብሎ የጠራው መሣሪያ ዘር ነው። የዛሬው ፕሬዠር ውኃን ወደ 120 ዲግሪ ስለሚያደርስ ጎድኑን በአንድ ሰዓት ገደማ ያበስላል፤ ‹ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም› የሚለው ብሂል ዘወትር ስለ ሹም ሽር የሚነገር ቢሆንም፣ የፕሬዠር ተቃዋሚዎች ግን እንደ ፊዚክስ ሕግ ይጠቅሱታል።

ፕሬዠር በሌለበት ቤት አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የተፈለጠው ጎድን ታጥቦ በቀዝቃዛ ውኃ ይጣዳል፤ ሲፈላ የሚወጣው አረፋ ይገፈፋል፤ ከዚያም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ገብቶበት እሳቱ ይቀነስና ለሦስት ሰዓት፣ በሬው አራሽ ከነበረም ከዚያ በላይ ይንተከተካል። መንተክተክ ከመፍላት የሚለየው ድስቱ ሳይጮህ በማጉረምረሙ ነው። ሥጋው ከአጥንቱ መሸሽ ሲጀምር መረቁ ተጠልሎ ለብቻው ይቀመጣል፤ ጎድኑም ተቁላልቶ በቆየ ሽንኩርትና በንጥር ቅቤ ላይ ተገልብጦ ከቃሪያና ከጥብስ ቅጠል ጋር ይጠበሳል። ቀቅሎ መጥበስ ግድ የሚሆነው ሥጋ የሚቀላውና ያ ልብ የሚያፈርስ ሽታ የሚወጣው ከ140 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ፣ ያውም ውኃ በሌለበት በመሆኑ ነው፤ ይህንም ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው ሲሆን፣ ጎረቤት ግን ከዚያ በፊትም በአጥር ላይ ሆኖ ያውቀው ነበር።

ከኬሚስትሪው ይልቅ ለመለካት የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። በቤት ውስጥ የሚሠራበት የጊዜ መለኪያ ‹ትንሽ ይቀረዋል› የሚባለው ሲሆን፣ ርዝመቱ ከሩብ ሰዓት እስከ ማታ ድረስ የሚለዋወጥ ነው። መለኪያው የሚሰጠው ለጥያቄ መልስ ሆኖ ብቻ ሲሆን፣ ጥያቄው ግን እንደ ጠያቂው መልኩን ይለውጣል፤ ልጅ ‹እማ፣ አልደረሰም?› ይላል፤ ከቀትር እንቅልፉ የነቃ ባል ‹ይሄ ነገር እንዴት ሆነ?› ይላል፤ እንግዳ ደግሞ ‹ኧረ አትድከሚ እታለም፣ እኛ ለምግብ አልመጣንም› ይላል፤ የሦስቱም ትርጉም አንድ ነው። ከጥያቄው በኋላ የሚከተለው ‹ጨው ማየት› የሚባለው ምርመራ ሲሆን፣ ጨው በመረቅ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ሆኖ ሳለ ምርመራው ሁልጊዜ የሚካሄደው ሥጋ በበዛበት ቁራጭ ላይ ነው። ክዳኑ በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱ ስለሚወጣና ድስቱ ስለሚበርድ፣ የጎድኑ መዘግየት ከጠያቂዎቹ ብዛት ጋር አብሮ ያድጋል፤ የዘገየ ጎድንም በተራው ጠያቂ ያበዛል። ከዚህ አንጻር ክዳኑ ላይ የሚጫነው ድንጋይ እንደገና ሊመረመር ይገባዋል፤ እንፋሎትን በማፈን ረገድ ዋጋው ከሩብ ዲግሪ በታች ቢሆንም፣ እጅን በማራቅ ረገድ ያለው ጥቅም ግን በፓፔን መጽሐፍ ያልተጠቀሰ ነው።

ከላይ ከተዘረዘረው ሁሉ የሚደረስበት መደምደሚያ፣ በ93 ዲግሪ ላይ ጎድን የሚያለሰልሰው እሳቱም፣ ቅመሙም፣ ድንጋዩም ሳይሆን አንድ ሰው ከድስቱ ሳይርቅ የሚቆይበት ሰዓት ብዛት መሆኑ ነው። እዚህ ላይ አንድ ያልተፈታ የሥርዓት ጥያቄ ይነሣል፤ ለጠዋቱ መደብ ይህን ያህል ጥንቃቄ ተደርጎ ዕጣ ሲጣል፣ ከሰዓት በኋላ ድስቱን ማን ይጠብቅ ተብሎ ግን እንጨትም፣ ጠጠርም፣ ቁልፍም ቀርቦ አያውቅም፤ ዕጣው ሳይጣል በየበዓሉ ለአንድ ሰው ይወጣል። ማዕዱ ከፍ ካለና ከአጥንት በቀር ነገር ከጠፋ በኋላ፣ ይህችው ባለ ዕጣ በቁራሽ እንጀራ ድስቱን ትጠርጋለች፤ ከጀላቲኑ የተረፈው ተጣብቆ የሚገኘውም እዚያው ከድስቱ ሥር ነው። እንግዶቹ ጣታቸውን እየላሱ ‹እንዲህ ያለ ለስላሳ ጎድን በልተን አናውቅም፣ እጅሽ ይባረክ› ሲሏት የምትሰጠው መልስ በጥናቱ ውስጥ ከተጠቀሱት አስተያየቶች ሁሉ ድስቱን በቅርብ ከሚያውቅ ሰው የተገኘ በመሆኑ እንዳለ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ‹ኧረ ተዉኝ፣ ትንሽ ይቀረው ነበር።›