ዓይን የሌለው እንጀራ

ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፤

ጎረቤቶቻችን መርከብ ላይ የተነሡትን ፎቶ በቴሌግራም አይተሽ «እናንተ በረሃ ላይ አይደል የምትኖሩት? መርከቡ ከየት መጣ?» ብለሻልና ነገሩ እንዲህ ነው።

እውነትሽን ነው፤ ከተማው ሞሃቪ በረሃ መሃል ነው የተቀመጠው። እዚህ ያለው መርከብ ወይ ሆቴል ደጃፍ ለጌጥ የቆመ ነው፣ ወይ ሁቨር ግድብ በፈጠረው ሚድ ሐይቅ ላይ ቱሪስት የሚያንሸራሽር ነው። ክሩዝ የሚሉት ትልቁ መርከብ የሚነሣው ከሎስ አንጀለስ በኩል፣ ከሎንግ ቢች ወይም ከሳን ፔድሮ ወደብ ነው። በመኪና አራት አምስት ሰዓት ተነድቶ ይደረስና ከዚያ ሦስት አራት ሌሊት ሜክሲኮ፣ ኤንሴናዳ ድረስ ደርሶ መልስ ነው።

ከእነዚያ ጎረቤቶቻችን ባልየው ታክሲ ነጂ ነው፤ ሚስቱ ስትሪፕ በሚባለው ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች ባንዱ መኝታ ክፍል ታጸዳለች። ልጃቸው አምስት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ድምፅና መብራት ለሚያስጨንቀው ልጅ ከዚህ የባሰ ከተማ ከየት ይመጣል? አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ እንኳ የቁማር ማሽን ይንጫጫል። በ2023 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ) ስፊር የሚባል 112 ሜትር ከፍታ ያለው ድቡልቡል አዳራሽ ከፈቱ፤ ውጪው ሁሉ መብራት ነው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ትልቅ ዓይን ሆኖ መንገደኛው ላይ ያፈጣል። አባትየው ልጁን ጭኖ በዚያ በኩል ላለማለፍ ሲል ነዳጁን በዙር ይጨርሰዋል።

ትምህርት ቤቱስ ደህና ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ልጅ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ የመቀበል ግዴታ በሕግ አለበት። ወላጆቹ ያጡት እንቅልፍ ነው። እሱ የሌሊት ሺፍት፣ እሷ የቀን፤ ልጁን እንደ ዱላ ቅብብል ሲቀባበሉ ሁለቱ አብረው ቁጭ ብለው ቡና የጠጡበትን ቀን አያስታውሱትም።

ታዲያ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ «መርከብ ላይ ኪድስ ክለብ የሚባል የልጆች መዋያ አለ፣ የእናንተንም ልጅ ይቀበላል» አለቻት። ባል አላመነም፤ ሚስት ግን ደንቡን አንድ በአንድ አስነበበችው። ሮያል ካሪቢያን የሚባለው የመርከብ ኩባንያ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ቅድሚያ ሰጥቶ ያሳፍራል፤ ከ3 እስከ 11 ዓመት ያለውን በዕድሜው ሳይሆን በችሎታው ይመድባል፤ «ዳይፐር ያልለቀቀ አይገባም» የሚለውንም ሕግ ያላላለታል። ካርኒቫል የሚባለው ሌላው ኩባንያ ደግሞ ከ2 ዓመት ጀምሮ ተቀብሎ ዳይፐር ይቀይራል፤ ድምፅ የሚቀንስ የጆሮ መሸፈኛና በእጅ የሚፍተለተል መጫወቻ ያለበት ቦርሳም ያውሳል። ከ2007 ጀምሮ ኦቲዝም ኦን ዘ ሲስ የሚባል ድርጅት የራሱን ሠራተኞች ይዞ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ባሕር ላይ ያጅባል።

ይህ ሁሉ ከደግነት ብቻ የመጣ አይምሰልሽ። አብዛኞቹ መርከቦች የባሃማስ ወይም የፓናማ ባንዲራ ሰቅለው ነው የሚሄዱት። አካል ጉዳተኛ መንገደኞች ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የሚባለውን የመርከብ ኩባንያ ከስሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ባንዲራው የሌላ አገር ቢሆንም በአሜሪካ ውኃ ላይ እንደሚሠራ ወሰነ። ሕጉ መርከቡን ሁሉ አፍርሶ ያሠራል ማለት ባይሆንም ደጃፉን አስከፍቷል። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ክለቡ ለአንድ ልጅ አንድ ሞግዚት አይመድብም። ልጁ ካልረጋ ለወላጅ ይደወላል፤ አለቀ።

በመጨረሻ ባልየው ተስማማና ተነሡ። የመጀመሪያው ጣጣ ወደቡ ላይ ጠበቃቸው። ልጁ ከእንጀራ በሽሮ በቀር ብዙ ነገር አያስጠጋም፤ እናትየው ዐሥር እንጀራ አጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከታለች። ቤት የተሠራ ምግብ አይገባም ተባለ። «ጤፍ ነው፣ ግሉተን የለውም» ብትል ማን ይስማት። ማታ አስተናጋጁ ከግሉተን ነፃ የሆነ ስስ ፓንኬክ አቀረበለት። ልጁ አነሣው፣ ወደ መብራቱ ያዘው፣ ገለበጠው፣ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ዓይን የለውም። ወደ አባቱ ሳህን መለሰና ድንች ጥብሱን ቀጠለ፤ እስኪመለሱም ከድንች ጥብስና ከሩዝ ንቅንቅ አላለም።

ሁለተኛው ጣጣ የክለቡ ቅጽ ነው። ልጅዎን ምን ያስፈራዋል? ሲከፋው ምን ያረጋጋዋል? ከቡድን ተነጥሎ ይሮጣል? ልዩ ፍላጎት አለው? አባትየው እስክሪብቶ አነሣና «ጨዋ ልጅ ነው፣ ትንሽ ዝምተኛ ነው» ብሎ ጻፈ! ሚስት እስክሪብቶውን ነጥቃ ሰርዛ ወረቀቱን ግጥም አድርጋ ሞላችው፤ ጀርባውንም ጨመረች። እሷ ከአዲስ አበባ ከመውጣቷ በፊት ወይዘሮ ዘሚ የኑስን በቴሌቪዥን ሰምታ ነበር። አንቺም ታስታውሻታለሽ፤ ከአሜሪካ ተመልሳ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተችው። ልጇን ትምህርት ቤቶች እየመለሱባት ሲያስቸግሯት በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአራት ልጆች ጀመረች፤ አንዱ የራሷ ልጅ ነው። ያኔ እንዲህ ያለ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይደበቅ የነበረበት ዘመን ነው፤ እሷ ግን የልጇን ነገር አደባባይ አወጣችው። በ2021 ዐረፈች፣ ነፍሷን ይማር። እዚህ ቬጋስም ኦፖርቹኒቲ ቪሌጅ የሚባለውን ትልቁን የበጎ አድራጎት ድርጅት በ1954 የጀመሩት ሰባት ቤተሰቦች ናቸው። የባልየው መልስ ግን ያው የጓዳው መልስ ነው፤ ደግነቱ እስክሪብቶው አብሮት አልዘለቀም።

ልጁ ገባ። ወላጆቹ የመጀመሪያውን ሰዓት በሩ ሥር ቆመው ጆሮ ሲጥሉ አሳለፉ፤ ሠራተኛዋ ሦስት ጊዜ ወጥታ «ደህና ነው፣ ሂዱ» አለቻቸው። ወዴት ይሂዱ? ዞር ሲሉ ፊት ለፊታቸው ካዚኖ! ዓመቱን ሙሉ ቁማርተኛ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ባሕር መሃል ያው ጩኸት ጠበቀው። መዋኛው ዳር ወንበር አግኝተው ስለ ቤት ኪራይ ማውራት ጀመሩ፤ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ሳይጨረስ ሁለቱም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲደወልላቸው «ምን ሆነ?» ብለው በባዶ እግራቸው ሮጡ። ልጁ ምንም አልሆነም። የክለቡን ልጆች ጫማ ሁሉ ከትንሽ ወደ ትልቅ በአንድ መስመር ደርድሮ አጠገቡ ተቀምጧል። የተደወለው ክለቡ ለእራት ሊዘጋ ስለሆነ ነው፤ የዘገዩት እነሱ ናቸው። በማግስቱ በሩ ሥር የቆመ የለም።

ትተውት የመጡት ነገር ቢኖር እንጀራው ነው፤ ይዘውት የመጡት ደግሞ ጡሩንባው ነው። መርከብ ከመነሣቱ በፊት የአደጋ ምልክት ያሰማል፤ ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም። ያኔ ጆሮውን ደፍኖ ያለቀሰው ልጅ አሁን በየንጋቱ በአፉ ይነፋዋል፤ አንድ አይሳሳት። ከታች የሚኖሩት ሽማግሌ ማንቂያ ሰዓታቸውን ጥለዋል አሉ።

እናትየው አንድ አደራ ሰጥታኛለች። ዘሚ አቡጊዳ ፎኔቲክስ ያለችው የፊደላችንን ድምፅ ተከትሎ የማስተማሪያ ዘዴ ነበራት፤ ጆይ ጎራ ብለሽ እንዴት እንደሚጀመር ጠይቂላት። ሰው የሚመጣ ካገኘሽም አንድ ትልቅ የፊደል ገበታ ላኪ። ፕላስቲክ የተለበጠውን ይሁን፤ ይኸ ልጅ ወረቀት ይበላል።

ወንድምሽ