የኮድ ማንበቢያ አመራረጥ

የመኪና ብልሽት ኮድ ማንበቢያ ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት የሚሰካ መሣሪያ ነው። ሶኬቱ በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ውዱ መሣሪያ የፍሬኑንም የኤርባጉንም ችግር እየዘረዘረ ባለቤቱን እንቅልፍ ስለሚነሳ አይመከርም። ርካሹ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኝና «ፒ0300» ብሎ ያርፋል፤ ሲሊንደሮቹ በትክክል እያቃጠሉ አይደለም ማለቱ ነው። ጥፋቱ የካንዴላ ይሁን የኮይል ወይስ የቤንዚን መናገርን ግን እንደ ሐሜት ይቆጥረዋል። ትልቁ ጥበቡ ማጥፊያው ነው፦ አንዴ ሲጫኑት የሞተር መብራቱ ይጠፋል፣ መኪናውም ተጠገነ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቢንቀጠቀጥ ከልማድ ነው። በዚህ ሚዛን ከሁሉም ጤነኛዋ ሶኬት የሌላት አሮጌዋ ዲኤክስ ናት፤ እስከ ዛሬ አንድም ኮድ አልተገኘባትም። መብራቱ ተመልሶ የበራበት ባለቤትም አይስጋ፤ ማጥፊያውን ደግሞ መጫን በነፃ ነው።