ተልእኮ ከውቅያኖስ ማዶ

በማውቃት አንዲት የቴክሳስ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ላይ ትልቅ የዓለም ካርታ ተሰቅሏል። ባለ ቀለም ስፒሎች ተሰክተውበታል፤ ከየስፒሉ የተሳበው ክር መጥቶ ቴክሳስ ላይ ይታሰራል። አንዱ ክር አዲስ አበባ ይደርሳል።

ባፕቲስቶች ጳጳስ የላቸውም። አጥቢያዋ ራሷን ታስተዳድራለች፤ ነገር ሁሉ በአባላት ድምፅ ይወሰናል። ስለዚህ ወዴት እንደሚኬድ እጅ ይወጣል፣ ማን እንደሚሄድ እጅ ይወጣል፤ በቲሸርቱ ቀለም ላይማ እጅ ሲወጣና ሲወርድ ይከረማል። ሐምሌ ላይ ቡድኑ አንድ ዓይነት ለብሶ ቦሌ ይወርዳል። ለምን ሐምሌ? የልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነዋ! የእኛም እንደሚዘጋ የጠየቀ የለም። ተማሪ በሌለበት ትምህርት ቤት፣ በዚያ ዝናብ፣ ግድግዳ ይቀባሉ። ቀለሙ አይደርቅም እንጂ ፎቶው ያምራል። ተቀባዩ አጥቢያም እንግዳ ማሳፈር ነውር ነውና ዝም ይላል፤ በአንድ ሰው ቲኬት ስንት ቀለም ቀቢ ሥራ ያገኝ እንደነበር ግን በሆዱ ያሰላል።

ሲመለሱ፣ እሑድ ጠዋት ስላይድ ይታያል። ዶሮ ወጡ ይወደሳል፣ የሕዝቡ እንግዳ ተቀባይነት ይነገራል፣ እንባም አይጠፋም። የዚያው ሕዝብ ልጆች በዚያው እሑድ ከቀትር በኋላ ያንኑ አዳራሽ ተከራይተው ያመልካሉ። ከጠዋቱ ጉባኤ ለከሰዓቱ የደረሰው መልእክት አንድ ኢሜል ነው፦ የወጡ ሽታ ምንጣፉ ላይ እየቀረ ስለሆነ ይታሰብበት።

የባፕቲስት ሚሽን ሲጀመር ስላይድ አልነበረውም። በ1792 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ ኬተሪንግ በምትባል ከተማ፣ ጥቂት አገልጋዮች በአንዲት ባልቴት ቤት ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። የተዋጣው 13 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ነበር፤ እሱም ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በወረቀት የተጻፈ ቃል። የተሰበሰበው ደግሞ ከአገልጋዮቹ በአንዱ፣ በአንድሩ ፉለር የሱረት ዕቃ ውስጥ ነው። (የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ቢሰሙ ሚሽኑን ትተው ሱረቱን ይገሥጹ ነበር።) ጫማ ሰሪው ዊሊያም ኬሪ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሕንድ ሄደ፤ የመጀመሪያውን ሕንዳዊ አማኝ ለማጥመቅ ሰባት ዓመት ፈጀበት። በ1834 እዚያው ሞተ እንጂ ሪፖርት ሊያቀርብ አልተመለሰም።

እኛ የከሰዓቶቹም የሚሽን ኮሚቴ አለን። ዓይናችን ደቡብ ኦሞ ላይ ነው። ከእኛ በኋላ አዳራሹን የሚጠርገውን ሜክሲኳዊ ግን ስሙን እንኳ የጠየቀው የለም፤ እሱ ዘንድ ለመድረስ ቲኬት አያስፈልግም፣ ታዲያ ምን ተብሎ ገንዘብ ይሰበሰባል? ከኬተሪንጎቹ አጥርተን የወረስነው ቃል መግባቱን ነው። ፕሮግራሙ ሲሞቅ እጅ እንደ ደን ይቆማል፣ ሃሌ ሉያው ጣሪያ ይነካል፤ በሳምንቱ ስልክ የሚያነሣ ይጠፋል። ፉለር በ1815 እስኪሞት ድረስ ለሚሽኑ ገንዘብ ሲለምን ከከተማ ከተማ ዞሯል። የእኛ ገንዘብ ያዥ እንኳ ገና ከፋሲካ ወዲህ ነው የጀመረው።