ባዶው ፌስታል፦ ወደ ላንጋኖ ስለሚወርድ ቤተሰብ መጠነኛ ጥናት

ካምፒንግ ማለት አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ መብራት ጠፍቶ፣ ውሃ ተቋርጦ በሚያድርበት ቀን በነፃ የሚያገኘውን ኑሮ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞና ከፍሎ የሚኖርበት ሥርዓት ነው። ሻማው ያው ሻማ፣ ጀሪካኑ ያው ጀሪካን፣ ከሰሉም ያው ከሰል ነው። ልዩነቱ፣ ቤት ሲሆን ይማረሩበታል፤ ላንጋኖ ሲሆን ፎቶ ይነሡበታል።

ይህ ጥናት የሚያተኩረው በጓዝ ላይ ነው። ጓዝ እንደሚጫንበት ቦታ በአራት ይመደባል።

አንደኛው የጣሪያ ጓዝ ሲሆን ድንኳን፣ ፍራሽና የፕላስቲክ ወንበር ያካትታል። አባት በገመድ ያስረዋል፤ ሲደርሱ በቢላ ይፈታል።

ሁለተኛው የኋላ ጓዝ ነው። ቤተሰቡ በዋዜማው ተሰብስቦ «ቀለል ያለ ነገር ይበቃናል» ብሎ በሙሉ ድምፅ ስለወሰነ፣ በዚህ ክፍል የሚገኙት ዶሮ ወጥ ከነድስቱ፣ እንጀራ ከነመሶቡ፣ ድፎ ዳቦ፣ የከሰል ምድጃ፣ ጀበና፣ እንዲሁም ረከቦት ከነስኒው ብቻ ናቸው።

ሦስተኛው የጭን ጓዝ ነው፤ ሕፃናትንና ውሾችን ይይዛል።

አራተኛው የእግር ሥር ጓዝ ነው፤ በእናት እግር ሥር የሚቀመጥ አንድ ፌስታል። የቀሩትን ሦስቱን ረስቶ መጓዝ ይቻላል፤ ይኸኛው ከተረሳ ግን መኪናው ከቃሊቲም ይመለሳል። ውስጡ ሎሚ፣ ሶፍት፣ ቆሎ፣ የሕፃን ቅያሪና ሌሎች ባዶ ፌስታሎች አሉ። ፌስታል በፌስታል ውስጥ መኖሩ እንግዳ ሰው ያስገርም ይሆናል፤ መኪና ለሚያቅለሸልሸው ልጅ እናት ግን የኑሮ መሠረት ነው።

ባዶ ፌስታል በሦስት ንዑሳን ክፍሎች ይከፈላል። የመጀመሪያው ንቁ ባዶ ነው፤ አፉ ተከፍቶ በልጁ እጅ ይያዛል። ሁለተኛው ተጠባባቂ ባዶ ነው፤ ተጣጥፎ፣ በራሱ ጆሮ ታስሮ ተራውን ይጠብቃል። ሦስተኛው ቀዳዳ ባዶ ነው። ይህን ከሁለቱ በዓይን መለየት አይቻልም። ማንነቱ የሚታወቀው ሥራ ላይ ሲውል ነው።

የአጠቃቀም ሥርዓቱም የጸና ነው። መጀመሪያ ልጁ ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ አባት «እሰይ፣ ተኛልን» ሲል እናት የፌስታሉን ቋጠሮ መፍታት ትጀምራለች። ቀጥሎ ሎሚ ይሸተታል። ከዚያ አያት ከኋላ ወንበር «አቅለሸለሸህ እንዴ፣ የኔ ጌታ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያልታመመ ልጅ እንኳ ይህን ጥያቄ ሰምቶ ጤነኛ ሆኖ የቀረበት አጋጣሚ አልተመዘገበም። የጎኑ ልጅም አይቶ ይከተላል፤ ተጠባባቂ ባዶ የተፈጠረው ስለዚህ ነው። ለውሻ የተመደበ ፌስታል የለም። ይህ የሥርዓቱ ብቸኛ ክፍተት ሲሆን ውሻው መቂ ሳይደርሱ ያጋልጠዋል።

የሽንት ጉዳይ አጭር ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ ወደ ክፍያ መንገዱ ሳይገባ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ተጠይቀው «የለኝም» ይላሉ። ሽንቱ የሚመጣው እንደልብ መቆም የማይፈቀድበት መንገድ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ውሾች በሁለት ይከፈላሉ፦ ጠባቂና ተጠባቂ። ጠባቂው ቦቢ ነው፤ ዕድሜውን በግቢው በር ላይ ፈጅቶ ከፖስተኛ እስከ ቆራሌው አላሳልፍ ያለ። ተጠባቂዋ ጸጉሯ ዓይኗን የሸፈነ ነጭ ፍጥረት ስትሆን፣ አያት ውሻነቷን እስካሁን አልተቀበሉም። «ውሻና እንጀራ በአንድ መኪና!» ሲሉ የሚወቅሱት ቦቢን ብቻ ነው፤ እሷ ጭናቸው ላይ ተኝታለች። ማታ ጅብ ሲጮኽ ምደባው ይፈርሳል። ቦቢ ድንኳን ውስጥ ገብቶ በሁለት ልጆች መካከል ይተኛል፤ ጅብ ምን እንደሆነ ያልተነገራት ነጯ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ እስኪነጋ ትጮኻለች።

ሐይቆችን ሊቃውንት በጥልቀት ይለኳቸዋል። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ዝዋይ አሥር ሜትር እንኳ አይሞላም። ቤተሰብ ግን በአገልግሎት ይመድባቸዋል፦ ዝዋይ ይበላል፣ ላንጋኖ ይዋኝበታል፣ ሻላ ከኮረብታ ላይ ይታያል፣ አብያታ ይታዘንለታል። ቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ይዞለት የሚመጣው ውሃ መንገድ ላይ ለመስኖ እየተጠለፈ ዳርቻው ሸሽቷል። ላንጋኖ ውስጥ የተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ውሃውን ሻይ በወተት አስመስሎታል፤ ስለዚህ ልጆቹ ቆሽሸው ገብተው ሌላ ቀለም ይዘው ይወጣሉ፤ መታጠባቸው ግን አይካድም።

የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች እንደሚሉት አራቱ ሐይቆች ከሺሕ ዓመታት በፊት አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ፤ ሞልቶም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የተለያዩት የአየሩ ጠባይ እየደረቀ በመሄዱ ነው ይባላል። በአንድ መኪና ከአያት፣ ከልጆችና ከሁለት ውሾች ጋር የተጓዘ ሰው ግን አንድ የነበረ ነገር ለምን አራት እንደሚሆን ሌላ መላ ምት አለው። ሆኖም አንዳቸውም ርቀው አልሄዱም፤ እስካሁን ጎን ለጎን ናቸው። ይህንንም መላ ምቱ ያብራራዋል።

ስለ ድንኳን፣ ስለ ትንኝና ስለ መልስ ጉዞ የታሰቡት ምዕራፎች ቀርተዋል። ከሰሉ አልያዝ ብሏል፤ በቤተሰቡ ሕግ ደግሞ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ሥራ ፈት ነው። ማራገቢያው ተሰጥቶኛል።