ጀርባ ሲወርድ ዋንጫ ሲወጣ

«የውሻ ቁንጅና ውድድር ነው፤ ምን ያከራክራል?» ይለኛል አንዱ። ቁንጅና ብቻ ከሆነ ዳኛው ጥርስ ምን አስቆጠረው? የጀርመን ሼፐርድ አፍ ከፍቶ 42 ጥርስ መሙላቱን የሚያይ፣ የወንዱ ሁለቱም ቆለጦች መውረዳቸውን በእጁ የሚፈትሽ ሰው መልክ እያደነቀ አይደለም። ዘር እየመረጠ ነው! ዛሬ እሱ የሸለመው ነገ የብዙ ቡችሎች አባት ይሆናል።

«አንዱ ከሌላው ያምራል፣ አለቀ።» አላለቀም! ዳኛው ውሻን ከውሻ ከማወዳደሩ በፊት ከተጻፈ መለኪያ ጋር ያስተያየዋል። ለጀርመን ሼፐርድ የወንዱ ቁመት ከትከሻው አናት ከ60 እስከ 65፣ የሴቷ ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። የሰውነቱ ርዝመት ከቁመቱ ትንሽ ይበልጣል። በ1899 የዘሩን ማኅበር ያቋቋመው የፈረሰኛ መኮንኑ ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የፈለገው በመንጋ ዙሪያ ሲሮጥ የሚውል ሠራተኛ ውሻ ነበር። መለኪያው ላይ ያለው ሴንቲ ሜትር ሁሉ የመጣው ከዚያ ሥራ ነው።

«ታዲያ ጀርባው ቁልቁል የሚወርደው መለኪያው ስላዘዘ ነዋ!» አላዘዘም ወዳጄ፣ አንብበው። መለኪያው የሚለው ጠንካራ፣ ጡንቻው የዳበረ ጀርባና በጥቂቱ ዘንበል ያለ ዳሌ ነው። ጥቂቱን ብዙ ያደረጉት ሰዎች ናቸው። ዳኛው ትንሽ ዘንበል ያለውን ሸለመ፤ አርቢው በሚቀጥለው ጊዜ የባሰበትን ይዞ መጣ፤ እሱም ተሸለመ። በ2016 በርሚንግሃም ላይ፣ በክራፍትስ የውሻ ውድድር፣ ከዘሯ አንደኛ የወጣችው ሼፐርድ ስትራመድ ያዩ ብዙ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ጮኹ። እኔም ከጮኹት ወገን ነኝ።

«ክራፍትስን የሚያዘጋጀው ኬነል ክለብ ከ1873 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፤ አንተ ማን ነህና?» ዕድሜውን አከብራለሁ። ራሱ ኬነል ክለብ በ2012 ያደረገውን ግን አንተም ስማ። በክራፍትስ የ15 ዘሮች አሸናፊዎች ወደሚቀጥለው ዙር ከማለፋቸው በፊት ገለልተኛ የእንስሳት ሐኪም እንዲያያቸው አደረገ። ቡልዶጉንና ፔኪኒዙን ጨምሮ የ6 ዘሮች አሸናፊዎች ወደቁ! ራጅ አልተነሣም፣ ደም አልተቀዳም። ሐኪሙ ዓይናቸውን፣ ቆዳቸውን፣ አተነፋፈሳቸውንና አረማመዳቸውን ነው የተመለከተው። ሐኪም እንዲህ ቆሞ ያየውን ዳኛው በእጁ እየዳሰሰ እንዴት አለፈው?

«ቡልዶግ ፊቱ ካልተጨፈለቀ ቡልዶግ አይባልም።» መተንፈስ ካቃተውስ ምን ይባላል? የአፍንጫው ቀዳዳ ጠብቦ፣ ላንቃው ረዝሞ ጉሮሮውን እየዘጋበት ተኝቶ እንኳ የሚያጣጥር እንስሳ ነው እኮ የምናወራው! የቡችላው ራስ ትልቅ፣ የእናቱ ዳሌ ጠባብ በመሆኑ አብዛኞቹ በቀዶ ሕክምና ይወለዳሉ። ኔዘርላንድስ ከ2019 ጀምሮ የአፍንጫው ርዝመት ከራስ ቅሉ ሲሦ ያልደረሰ ውሻ እንዳይራባ የከለከለችው ዘሩን ጠልታ አይደለም።

«እንግዲያው ውድድሩ ይቅር በላ!» ለምን ይቀራል? አርቢው የሚፈራውም የሚሰማውም ዳኛውን ነው፤ ያበላሸው እጅ ማቅናትም ይችላል። የሼፐርዱ የጀርመን ማኅበር ውሻን ለርቢ ከመፍቀዱ በፊት የዳሌ ራጅና የሥራ ፈተና ይጠይቃል። ሜዳ ላይ ያለው ዳኛም ቅደም ተከተሉን ይለውጥ፤ አስቀድሞ ያስሩጠው፣ ትንፋሹን ያዳምጥ፣ የኋላ እግሩ ሲረግጥ ቀጥ ማለቱን ይይ። የፀጉሩ ቀለምና የጆሮው አቋቋም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

«ከሮጠማ ይደክመዋል፣ ምላሱ ይንጠለጠላል፣ አቋቋሙ ይበላሻል» ትለኛለህ? በሁለት ዙር የሚደክም እረኛ ውሻ ዋንጫው ለመንጋው ምን ያደርግለታል?