ምን ይሆናል ብለህ ነው?

የእኛ ብሎክ ሰዎች ልበ ሙሉ ናቸው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ስለምኖር ለጎረቤቶቼ አድልቼ አይደለም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር በዓይኔ ስለማየው ነው። በሌላው አገር ብርድ ሲቃረብ ሰው የጭስ ማውጫውን ያስጠርጋል፣ ሽቦውን ያስፈትሻል፣ ኮርኒሱ ላይ አደጋ ሲሸተው የሚጮህ መሣሪያ ይሰቅላል። ፍርሃት እንዲህ ገንዘብ ያስወጣል። እኛ ጋ ያለው መከላከያ አራት ቃል ብቻ ነው፤ «ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ሐምሌ ሲገባ ከሰላቸውን በረንዳ ላይ ያቀጣጥላሉ። ፍሙ እስኪቀላ ታግሰው ምድጃውን ወደ ሳሎን ያስገባሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ በበሩ ሥር ብርድ እንዳይሾልክ አሮጌ ነጠላ ይወትፋሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የክረምቷ ሌሊት አጥንት ይገባል፤ አልፈርድባቸውም። አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ መስኮቱን ትንሽ ገርበብ ቢያደርጉት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጭሱን እኮ ውጭ ጨርሷል። ፍም ምን ያደርጋል ብለህ ነው?»

ሳይንሱ ሌላ ይላል። የቀላ ፍም ጭሱ ካለቀም በኋላ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ደማችን ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ግን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ቀጥሎ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። እትዬ ለሁሉም መልስ አላቸው፦ ራስ ምታቱ ምች ነው፣ ማቅለሽለሹ ከምሳው ነው፣ እንቅልፉ የክረምት ነው። አንዱን ጋዝ ለሦስት በሽታ አካፍሎ ነፃ የሚያወጣ ሐኪም ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል፤ እንደሰው ሁሉ አከብራቸዋለሁ። ግን ይህ የተባለው ቅጠል በየደጁ በነበረበት ዘመን ነው። የእኛ ግቢ ንጣፉ ድንጋይ ነው፤ በምን ቅጠል እንጀምር?

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ነው። ግንቦት 1 ቀን ደግሞ ከጥንት የመጣ ሥርዓት አለ፤ የልደታ ንፍሮ የሚበላው ደጅ ነው። እሳቱ ከሰማይ በታች ይነድዳል፣ ጭሱ ወደሚሄድበት ይሄዳል፣ ጎረቤት ዙሪያውን ይቀመጣል። በዓመት አንድ ቀን ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ይበቃል ብለን ነው መሰለኝ፣ ግንቦት 2 ምድጃችንን ወደ ቤት እንመልሳለን።

ኮንዶሚኒየሙን የነደፉት ሰዎችም ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም። እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ መገልገያ ቤት ለብቻው ሠርተውልናል። እኛ አከራየነው። ኪራዩ ለጥበቃው ደመወዝ ይውላል፤ ጥበቃው ደግሞ እሳት ሲነሳ ቀድሞ የሚጮኸው ሰው ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከእሳት መከላከያ በጀት አልወጣም።

መጋገሪያው ሲከራይ ምጣዱ ፎቅ ወጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይመጣል። አራተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ ቤት ሶኬቱና ምጣዱ ስለተራራቁ ማከፋፈያ ገዙ። ጀርባው ላይ «10 አምፔር» የሚል ተጽፏል። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ኤሌክትሪኩ በጨመረበት ልክ ብቻ አይጨምርም፤ የጨመረበት እጥፍ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚመጣው፤ ያ ሽቦ ሊሸከም ከተሠራለት ሙቀት ሁለት ተኩል እጥፍ ይሸከማል ማለት ነው። ይህን በወረቀት አስልቼ አሳየኋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ «ታዲያ በክረምት ምን ይጎዳል?» አሉኝ።

ያስቸገራቸው ብሬከሩ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራው ሳይወጣ እየወደቀ ያበሳጫቸዋል። ሠራተኛ አስጠሩና በትልቅ ብሬከር አስቀየሩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም። ቤቱ ሰላም ሆኗል፤ አልፎ አልፎ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚሸተው ግድግዳው ነው፤ ለዚያም ዕጣን አለ።

ከሁሉ ይበልጥ የማደንቀው ግን መብራት ሲሄድ የምናሳየውን እምነት ነው። ወጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ተጥዷል፤ መብራት ይሄዳል። ፈሪ ሰው መጀመሪያ ምድጃውን ያጠፋል። እኛ «ሲመጣ ይበስላል» ብለን ቁልፉን እንዳለ ትተነው፣ በሩን ቆልፈን ወደ ሜክሲኮ እንወርዳለን። መብራት ቃሉን ጠብቆ ይመጣል፤ ግቢው ውስጥ ያሉ ሕፃናት «መጣ!» ብለው በእልልታ ይቀበሉታል። ድስቱን የሚቀበለው የለም። ባለፈው ክረምት እኔም ካውያ ሰክቼ ሄጄ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ጥቁር ማኅተም አገኘሁ። አሁን ዳንቴል አልብሼዋለሁ፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል።

ጋዝ ሲሊንደር የሚጠቀሙ ጎረቤቶችም አሉን። ጋዙ ቢያፈተልክ በሳሙና አረፋ ይታወቃል ይባላል፤ አረፋ የሚኩረፈረፍበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ሳሙና ውድ ነው፤ ክብሪት ርካሽ ነው። ምድር ቤት ያለው ወጣት በክብሪት ነው የሚፈትሸው፤ መልሱም ፈጣን ነው። ቅንድቡ እያበቀለ ነው። ያን ዕለት ፊቱን ውኃ ሳናስነካ የጥርስ ሳሙና ቀብተነዋል። ለቃጠሎ የሚሻለው ለ20 ደቂቃ ያህል የቧንቧ ውኃ ማፍሰስ እንደሆነ ሐኪሙ ነግሮናል፤ ግን ያን ቀን ውኃ የእኛ ተራ አልነበረም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል፣ የመንገዱ ጥበት እሳት አጥፊዎቹን እንዳስቸገራቸው ሰማን። ሸማ ተራ ከእኛ በእግር የሚደረስበት ነው። በማግሥቱ የብሎካችን ሰዎች ደረጃው ላይ ተገናኝተን ስለዚያ መንገድ ጥበት ብዙ አዘንን። ያዘንነው ግን በተራ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መቆም አይችልም። በአንድ በኩል የከሰል ጆንያ አለ፣ በሌላው የውኃ በርሜል፣ ከፍ ሲል ደግሞ በግድግዳው የተደገፈ የስፖንጅ ፍራሽ። የምድር ቤቶቹ መስኮት በብረት ፍርግርግ ታጥሯል፤ በራቸው ላይ ሌሊት ሁለት ጓጉንቸር ይገባል፤ ቁልፉ የት እንደሚያድር የሚያውቁት አባወራው ብቻ ናቸው። አንድም ሌባ ገብቶ አያውቅም። አባወራው እንቅልፋቸው ከባድ ነው።

ሆኖም ጨርሶ አልተዘናጋንም። ገንዘብ አዋጥተን አንድ ቀይ እሳት ማጥፊያ ገዝተናል። እኔ ደረጃው ላይ ይሰቀል አልኩ፤ ሰብሳቢው «ይሰረቃል» አሉ፤ ጉባኤው አጨበጨበ። ስለዚህ ኮሚቴው ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል፤ የእሳት አደጋው ስልክ ቁጥር 939ም በትልቁ ተጽፎ ከአጠገቡ ተለጥፏል። ቁልፉ ሰብሳቢው ኪስ ነው። ሰብሳቢው ደብረ ዘይት ናቸው።

ባለፈው እሑድ ይህን ሁሉ ልጽፍ ከቤቴ ስወርድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ጠሩኝ። ቡና ተፈልቷል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ውስጥ ምድጃው ቀልቷል፤ ነጠላው በበሩ ሥር ተወትፏል። አቦሉን ጠጣሁ። ቶናው ላይ ጆሮዬ ሥር አንድ ነገር ይመታ ጀመር። በረካው ሲቀዳ ጀበናው ሁለት ሆኖ ታየኝ።

«እትዬ፣ ራሴን…»

«ምች ነው፤ ቆይ» አሉና ተነሡ። ለካ በረንዳቸው ላይ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ዳማከሴ ተክለዋል፤ ግቢው ቅጠል የለውም ማለቴ ስሕተት ነበር። የበረንዳውን በር ወለል አድርገው ከፍተው ወጡ፤ ዝናቡ ውስጥ ጎንበስ ብለው ደህናውን ቅጠል ለመምረጥ ጊዜ ወሰዱ። ነፋሱ መጋረጃውን አንስቶ እስከ ኩሽናው ገባ። ሲመለሱ ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ።

ወዲያው ቀለል አለኝ።

«አየህ?» አሉኝ፤ በሩን መልሰው እየዘጉ።