ድንኳኑ የዕድሩ ነው

ሰፈራችን ቅዳሜና እሑድ የመጽሐፍ ባዛር አዘጋጅቶ ነበር፤ «ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ» ተብሎ። ድንኳኑንም ወንበሩንም የሰጠው ዕድሩ ነው። ታዲያ ገና በጠዋቱ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና «ማን ነው ያረፈው?» አሉ በሹክሹክታ። የተደረደረውን መጽሐፍ አየት አድርገው «እሱማ ቆይቷል» ብለው ተቀመጡ።

ፈንዲሻው በአራት ሰዓት አለቀ። መጽሐፉ አላለቀም።

ትልቁ ወሬ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። አንድ ጋሼ «እኔ ሁለቴ አንብቤዋለሁ» ብለው ስለ በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንባ እስኪተናነቃቸው አወጉን። ኋላ ሲጣራ ያነበበላቸው ወጋየሁ ንጋቱ ነው፣ በሬዲዮ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቁት ያን ዕለት ብድግ ሲያደርጉት ነው፤ ዋጋውን ሲያዩ ደግሞ ቀስ ብለው መለሱት።

እሑድ ከሰዓት «ውሃ መጣ!» ተባለ። ድንኳኑ ባዶውን ቀረ፤ ጄሪካን ያልያዘ ሰው አልነበረም።

የዕድሩ ጸሐፊ ግን በልማዳቸው የቀሪዎችን ስም መዘገቡ። ቅጣቱ አንድ አንድ መጽሐፍ መግዛት ይሁን የሚል ሐሳብ ቀረበ። አባላቱ በሙሉ ድምፅ በገንዘብ ይሁንልን አሉ።